ለእኅቴ የተጣራው ውኃ

እኅቴ የወለደችው በሐምሌ ነው። ወለደች እላለሁ እንጂ ልጁስ ትንፋሽ አልነበረውም፤ የእሷ ደም ደግሞ አልቆም አለ። ከድብ ባሕር ወዲያ ካለው ቀያችን በቃሬዛ ተሸክመን አውራ ጎዳናው ላይ ስናደርሳት ፊቷ የተፈተገ ገብስ መስሏል። እህል የጫነ ማኪና ራርቶልን ጎንደር አስገባን። ሆስፒታል ደሙን አቆሙላት። ተረፈችልን ብለን እልል ለማለት ምንም አልቀረንም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሽንቷ ቀረ። ፊቷ አበጠ፣ ዓይኗ ጠበበ፣ የጣቷ ቀለበት አልወጣ ብሎ በሳሙና አወጣነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን አልይዘውም፤ ፊደል እንኳ የለየሁት ኋላ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ያኔ ነጭ ሽንኩርት በአህያ ጭኜ እስከ ትክል ድንጋይ ገበያ የምወርድ፣ ገበያው ቢፈታም ቤቴ ቶሎ የማልገባ፣ ዘመድ ልጠይቅ፣ ደብር ልሳለም እያልሁ የምዞር ሴት ነበርሁ። አባቴ “እግዜር አንቺን መፍጠር የጀመረው ከእግርሽ ነው” ይለኛል። በዚያ ክረምት ግን እግሬ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታሰረ።

የእኅቴ ሐኪም ጀርመናዊት ነበረች። ረዥም፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ አማርኛዋ የሕፃን አማርኛ። ጉንጯን በመዳፏ ላይ አጋድማ አሳየችኝ።

“ኩላሊት ተኝቷል” አለች። “አልሞተም። ተኝቷል። ምናልባት ይነቃል።”

“መቼ ይነቃል?”

“አላውቅም። እስኪነቃ ሥራውን እኛ እንሠራለን።”

የቀረውን ነርሷ በአማርኛችን ፈታችልኝ። ኩላሊት ከተኛ መርዙ ከሰውነት አይወጣም። በሰለጠነው አገር ደሙን አውጥቶ፣ አጥቦ የሚመልስ ማሽን አለ፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም። እኛ ዘንድ ያለው የሆድ እጥበት ነው። ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ቱቦ ይገባል፤ ጨውና ስኳር ተለክቶ የተጨመረበት ውኃ በዚያ ሆዷን ይሞላል፤ ቆይቶ መርዙን እየያዘ ይወጣል፤ በምትኩ ሌላ ይገባል። ኩላሊቷ እስኪነቃ እንዲያ ነው። ውኃው ከተቋረጠ ግን እኅቴ ትሞታለች። ይህን ማንም አልሸሸገኝም፤ ነርሷ ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር።

ታዲያ ውኃው እንዲሁ ከቧንቧ አይቀዳም። በክረምት የጎንደር ቧንቧ ሲከፈት ጭቃ ይተፋል። መጀመሪያ ይጣራል፤ ከዚያ እንደ አረቄ በእንፋሎት ይወጣል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ተለክቶበት በጠርሙስ ይቀቀላል። ሳይጣራ ከተጣደ ጭቃው የእንፋሎት ማውጫው ቂጥ ላይ ይጋገራል፣ ሥራ ይቆማል። ማጣሪያውን ይጠብቅ የነበረው ሠራተኛ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ብቻውን ቀርቷል፤ መነጽር ያደረገ ቀጭን የአራዳ ልጅ ነው፣ ቀልድ የማይጠፋው።

“እትዬ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው?” አለኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ።

“የሽንኩርት ነጋዴ እጅ ምን ንጹሕ አለው!”

“እንግዲያው እናጥበዋለን። ለእኅትሽ ውኃ ጠባቂ አጥቻለሁ።”

እስከ ክርኔ አሳጠበኝ፤ ጥፍሬን በብሩሽ አስፈተገኝ። ሻሼን አውልቆ ነጭ ጨርቅ አሰረልኝ። የምጠብቀው የሸክላ ማጣሪያ ነውና ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስሜ ጠፋ። “ጓድ ሸክላ፣ እንዴት ዋልሽ?” እያለ ይገባል፤ ነርሶቹም “ጓድ ሸክላ” አሉኝ። እኔም “አብዮቱን ማን ያጣራዋል፣ እኔ ካልሆንሁ?” ስላቸው በሩን ቶሎ ዘግተው ይስቁ ነበር። ሳቅም ያኔ በር ተዘግቶ ነው።

ማጣሪያው ሁለት የብረት ጋን ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጠ። በላይኛው ጋን ውስጥ ነጭ ሸክላ ቆሟል፤ ቁመቱ እንደ ክንድ፣ ውስጡ ክፍት። እኛ ጧፍ እንለዋለን። ውኃው በጧፉ ገላ ሰርጎ ይገባል፣ በአንገቱ ወደ ታችኛው ጋን ይንጠባጠባል። ጭቃው ውጭ ይቀራል፣ ንጹሑ ያልፋል። አፈር ውኃን ሲያጠራ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ለካ አፈርም ደግና ክፉ አለው።

ዕቃ ቤት የተገኙት ጧፎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ስስ ነው፣ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። ሌላው ወፍራም ነው፣ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ሐኪሟ ስሱን ወደደች፤ የምትፈልገው ውኃ ብዙ ነዋ። ባለሙያው “በዚህ ክረምት ደለሉ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በስሱ ያልፋል” አላት። ሲከራከሩ እኔ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አያለሁ። በኋላ ስሱን ውኃ ውስጥ ነከረና አንገቱን በአፉ ይዞ ነፋው። ከጎኑ እንደ ክር የቀጠነች የዓረፋ መስመር ወጣች።

“ይኸውልሽ” አለኝ፣ “ተሰንጥቋል። ዓረፋ ከአንድ ቦታ ተሰልፎ ከወጣ ጧፉ አለቀለት። በስንጥቁ ጭቃው ይሾልካል።”

ወፍራሙን ሲነፋው ምንም አልወጣም። በሉ ተመስገን አልን፤ ያለን እሱ ብቻ ነበር።

አጠባበቁን እሱ አስተማረኝ። ጧፉን በአንገቱ እንጂ በገላው አልይዝም። ሳሙና አላስነካውም፤ ሸክላው ሳሙና ከጠጣ አይለቅም። ጭቃ ሲለብስ አውጥቼ በፈላ ውኃ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አሻለሁ፤ ጠንክሬ ካሸሁት ይሳሳል። አጥቤ ስመልሰው እነፋዋለሁ። የገበያ ሴት ነኝ፣ ብዙ ነገር ነክቻለሁ፤ እንደዚያ ጧፍ ፈርቼ የያዝሁት ነገር ግን የለም።

እኅቴ ታወራለች። ሆዷ በውኃ ተነፍቶ፣ ቱቦው ከሥሯ ተንጠልጥሎ፣ ታወራለች።

“እታለም” ትለኛለች፣ “ሰው ቀሚሱን ያጥባል፣ እኔ አንጀቴን አስጥባለሁ። እንደኔ የጸዳች ሴት በበጌምድር አለች?”

“የለችም ሆዴ።”

“እንግዲያው አንድ ጉንጭ ስጭኝ።”

መጠጥ ተለክቶላት ነበር፤ በቀን የአንድ ቡና ፊንጃል ያህል። ሽንት ስለሌላት የጠጣችው ሁሉ ሳንባዋ ላይ ይወጣል ብለዋል። ከንፈሯን በርጥብ ጨርቅ እነካላታለሁ፤ ጨርቁን በጥርሷ ትይዝብኛለች።

“ምነው እናንተ፣ ይኸን ሁሉ ውኃ በሆዴ እያፈሰሳችሁ አንድ ጉንጭ ትነፍጉኛላችሁ!”

ትስቃለች ደግሞ። ስትስቅ ሆዷ ይዋልላል፣ ነርሷ ትቆጣናለች።

እጥበቱም ያዘላት። እብጠቷ ጎደለ፣ ዓይኗ ተከፈተ። ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ገብታ ከአልጋው ሥር ያለውን የሽንት ዕቃ ታያለች፤ ባዶ ነው። “ገና” ትላለች። አንድ ቀን ግን የዕቃውን ሥር የምትሸፍን ሽንት ተገኘች። ሐኪሟ ወደ መስኮት ወስዳ አየቻት፣ እንደ ማር ነው ያየቻት። “መንቃት ጀመረ” አለች። ያን ቀን ባለሙያው ጧፉን አጎንብሶ ሳመው፤ እኔ ደግሞ በአፉ ነካው ብዬ እንደገና ቀቀልሁት።

በዚያው ሰሞን አባቴ ደረሰ።

አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነው። አገሩ የኔታ ይለዋል። ለመውጫ የይለፍ ወረቀት ሲጠይቅ፣ ሲመላለስ ነው የቆየው። ጋቢው በዝናብ ረጥቦ፣ በትከሻው ቅል አንጠልጥሎ ገባ። በቅሉ የደብራችንን ጠበል ይዟል፤ በሻሽ ጫፍ ደግሞ እምነት ቋጥሯል። እምነት ከጠበሉ ሥፍራ የሚታፈሰው ግራጫ አፈር ነው፣ የላመ፤ በጠበል ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ሰውነት ይቀባል። ልጁን አያት፣ ግንባሯን ሳማት፣ ቅሉን ፈታ።

ሐኪሟ እጇን ዘረጋችና ከለከለችው።

“በአፍ የለም! ውኃ በአፍ ከገባ ትሞታለች። በአፍ ምንም!”

እኔ አባቴ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ቃል መዝኖ የሚቀበል ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በቃል የኖረ። ትንሽ አሰበና “በአፏ አላስገባም” አለ። ቅሉን መልሶ ከደነ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማጣሪያው ክፍል መጣ። እጁን አስታጥቤ በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት። ጠብታውን ብዙ ጊዜ አዳመጠ።

“ይኽ ነው ሆዷ የሚገባው ውኃ?” አለኝ።

“ይኽ ነው አባዬ።”

“በአፏ ሳይሆን?”

“በአፏ ሳይሆን፤ በቱቦ።”

ፊቱ በራ። ነገሩን ስላወቀ ደስ አለው ብዬ አሰብሁ። ነርሷ እኅቴን እናገላብጣት ብላ ስትጠራኝ እሱን እዚያው ትቼ ሄድሁ።

ስመለስ እሱ በርጩማው ላይ ዳዊቱን ይደግማል። ጠብታው ግን ዘግይቷል። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ቆመ። ጧፉ ጭቃ ለብሷል ብዬ ባለሙያውን ጠራሁት። ክዳኑን ሲከፍት ላይኛው ጋን ግራጫ ሆኗል፤ ጧፉም ከላይ እስከ ታች ግራጫ ለብሷል።

“ማነው አመድ የጨመረበት?” ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። “ማነው እዚህ የገባው? ማነው?”

አባቴ ተነሣ። አልፈራም፣ አላፈረም፤ ምሥራች እንደሚናገር ሰው ነበር።

“አመድ አይደለም ልጄ” አለ። “እምነት ነው። ጠበሉም አብሮ ገብቷል። በአፏ አይግባ አላችሁ፤ በአፏ አላስገባሁም።”

ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገ፣ ጠረገ። አባቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ወረደ።

“አጠፋሁ?” አለ።

ባለሙያው ጧፉን አውጥቶ ማሸት ጀመረ። ጭቃ ቢሆን ይለቅ ነበር። እምነቱ ግን ከደለሉም የላመ ነው፤ በሸክላው ገላ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ቀቀልነው፣ አሸነው፤ ውኃው ግራጫ እየሆነ ይወርዳል፣ ጧፉ ግን አይከፈትም። ሌላ የለንም። ባለሙያው “እንግዲህ ጠንከር ማድረግ ነው” አለና ጠንካራውን ብሩሽ አነሣ። ሸክላው እንደ ዱቄት እየረገፈ በጣቱ መሀል ወረደ። አባቴ “እኔ ልሸው ልጄ፣ አንተ ደክሞሃል” አለው። “ይቀመጡ አባቴ” አለው፤ በቁጣ አይደለም።

ጧፉ ነጣ። ውኃ ውስጥ ነክሮ ነፋው። ሦስታችንም አጎነበስን። ከወገቡ ላይ ዓረፋ ወጣ፤ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ተሰልፎ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ አባቴ።

“ተሰነጠቀ አባቴ” አለው ባለሙያው።

ሐኪሟ መጥታ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፣ መለሰላት፣ ራሷን ይዛ ወጣች። ምን እንዳላት ነርሷ በኋላ ነገረችኝ። የወንዙ ደለል በዛና ጧፉን ደፈነው ነው ያላት። ስለ አባቴ ምንም ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲያ ያደረግነውን ሁሉ ልጽፈው አቅም የለኝም። ባለሙያው በዝናብ አራዳን አዳረሰ። ከአንድ አስተማሪ ቤት የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ጧፍ ለምኖ አመጣ፤ አንገቱ ቀጭን ሆኖ የጋኑ ቀዳዳ ሰፋው። የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ላስቲክ ቆርጠን ጠመጠምንለት፤ በጎኑ ያፈሳል። ውኃውን አስቀምጠን፣ አጥልለን፣ በጥጥና በጨርቅ አሳለፍነው፤ ማውጫው ጭቃ ጋገረና ቆመ፣ ፋቅነው፣ እንደገና ቆመ። ለቁስለኛ ወታደር ከተቀመጠው የጠርሙስ ውኃ ሐኪሟ ለምና ጥቂት አመጣች፤ እሱም አለቀ። አዲስ አበባ ተደውሎ ጧፍ ተገኝቷል ተባለ። መንገዱ ያለ ወታደር አጀብ አይታለፍም፤ አውሮፕላኑም በጉሙ ምክንያት አላርፍ ብሎ ተመለሰ ተባለ። እኔ ውጭ ወጥቼ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፤ ጉም ብቻ ነው።

እኅቴ እንደገና አበጠች። ገላዋን አሳከካት፣ ስቅታ ያዛት። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት።

“እታለም” አለችኝ፣ “ውኃው ቆመ አይደል?”

“ይመጣል ሆዴ።”

“አባዬን አትቆጡት።”

ማን እንደነገራት አላውቅም። ሕመምተኛ ይሰማል፤ ተኝቷል ብለን ከራስጌው ያወራነውን ሁሉ ይሰማል።

በማግስቱ ሐኪሟ ገብታ የእኅቴን ጀርባ አዳመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና “አሁን ትጠጣ” አለችኝ። “የፈለገችውን ያህል ትጠጣ።”

አባቴ ሰማ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከቅሉ ሥር የቀረች ጠበል አለች፤ እኔ ቅሉን ባቀብለው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበው።

“የእኔን አይደለም” አለ። “ከንጹሑ ስጫት። የመድኃኒት ክፍሉ ልጅ ካወጣው ውኃ ስጫት። የእኔን አይደለም።”

እኅቴ ዓይኗን ሳትገልጥ “ያንተን ነው የምፈልገው አባዬ” አለች።

“እሺ በለኝ...” አለ፤ ማንን እንደሚለምን እንጃ። ቅሉን ከእጄ ተቀብሎ አጠጣት። ግማሹ በአገጯ ወረደ። የቀረውን ዋጠችና “ሸጋ ነው” አለች። “የቀያችን ውኃ ሸጋ ነው።” ሌላም አስጨመረችው። ቅሉ ሲያልቅ ባለሙያው ከራሱ ክፍል በእንፋሎት ከወጣው የተረፈችውን ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ አመጣላት፤ ያንንም ጠጣች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስትመኘው የኖረችውን ያህል ጠጣች። ከዚያ ተኛች፤ ፀሐይ ሳትዘቅዝቅ አረፈች።

ባለሙያው አስከሬኗን ከእኛ ጋር ተሸክሞ ማኪናው ድረስ ወጣ። አባቴ እጁን ያዘው።

“እውነቱን ንገረኝ ልጄ” አለው። “የእኔ አፈር ነው?”

“የወንዝ ደለል ነው አባቴ። ክረምቱ ነው።”

“የደብሬን አፈር አላውቀውም?”

ባለሙያው አቀረቀረ። “ኩላሊቷ ሳይነቃ ይቀር እንደሆነስ ማን ያውቃል?” አለው። ሐኪሟም ለእኔ እንዲያ ብላኛለች፤ ያቺ የሽንት ጠብታ ልታድግም ላታድግም ትችል ነበር አለች። አባቴ ሁለቱንም እጁን በባለሙያው ራስ ላይ ጫነና መረቀው። ዝናብ ይዘንብብናል፤ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ አባቴ ምርቃቱን አይጨርስም።

ጧፉ እሷን ከቀበርናት በኋላ ከአዲስ አበባ ደረሰ ብለው ላኩብኝ። ለሌላ ሰው ይሁነው አልሁ። ያን መስከረም ወደ ገበያዬ ተመለስሁ፤ መዞሩን ግን አልጠላሁትም፤ ቤት ስቀመጥ ጠብታ ይሰማኛል።

አባቴ አገልግሎቱን አልተወም። ጠበል ፈልገው ሲመጡበት ይቀዳላቸዋል። ግን እንደ ድሮው አፍሶ አይሰጥም። ማሰሮውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰውየውን አጠገቡ አስቀምጦ አፈሩ ወደ ሥር እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከላይ ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ ይገለብጥለታል። ሰው ይሰለቻል፤ ገበያ የረፈደበት ያጉረመርማል። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። የሕፃኗ ሆድ ተነፍቷል።

“የኔታ፣ እምነቱንስ አይበጠብጡልኝም?” አለችው።

“እሱን ግንባሯን ቀቢያት” አላት። “ለሆዷ ይኽን ብቻ።”

ሴትዮዋ ቅር አላት። ማሰሮዋን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አባቴ ከኋላዋ እያየ ቆየና “ሐኪም ቤት ውሰጃት!” ብሎ ጮኸ። ነፋስ ነበር፤ የሰማችው አይመስለኝም። ከዚያ ተነሥቶ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ጋቢውን ሰብስቦ ዳገቱን ተከትሏት ሮጠ።